ታወሩ ፊት ለፊት ያለው ቤት

ቤት አሳይ ነኝ። በስደት በምኖርባት ከተማ፣ ዊልስደን የሚባል ሰፈር ዋናው መንገድ ላይ፣ በአንድ ፀጉር ቤትና በአንድ ስልክ ጠጋኝ መሃል በተጣበቀች ትንሽ የኪራይ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ሥራዬ ቁልፍ ይዞ መሄድ፣ በር መክፈትና «ይሄ ሳሎኑ ነው» ማለት ነው። ሳሎን መሆኑን ለማወቅ እኔ አላስፈልግም። ግን ሰው ባዶ ክፍል ውስጥ ሲቆም ይጨንቀዋል፤ አጠገቡ ሆኖ የሚያየውን ነገር መልሶ የሚነግረው ሰው ሲያገኝ ደስ ይለዋል። የሚከፈለኝ ለዚህ ነው።

ስለ አንድ ቤት ልናገር። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ፣ ሳሎኑ ሰፊ፣ ወለሉ አዲስ። ድሮ ማስታወቂያው በወጣ በሁለት በሦስት ቀን ይያዝ ነበር። ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ያለው ሕንፃ ጣራ ላይ የስልክ ታወር ተከሉ። ግራጫ ምሰሶ ነው፤ ዙሪያውን ረዣዥም ነጭ ሳጥኖች ተንጠልጥለውበታል። ሳሎኑ መስኮት ጋ ሲቆሙ ፊት ለፊት ይገጥማል፤ ሰው ቢሆን ጠዋት ጠዋት ሰላም ሳይሉት አይታለፍም ነበር። የዚያኛው ጣራ ባለቤት ታወሩን ስላስቀመጠ ከስልክ ኩባንያው ኪራይ ይቀበላል። የእኛ አከራይ ደግሞ ታወሩ ፊቱ ስለቆመ ብቻ ኪራይ ያጣል። ዕድል ነው።

ታወር የቤት ኪራይ እንዴት እንደሚያወርድ ልንገራችሁ፤ ይህን እንኳ አውቃለሁ። ማንም ሰው ገብቶ «ታወር አለና ቀንሱልኝ» ብሎ አይጀምርም። መጀመሪያ መስኮቱ ጋ ሄዶ ዝም ይላል። ቀጥሎ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ይዘጋል፣ የሚፈልገው ነገር ኖሮ አይደለም። ከዚያ «አስቤበት እደውላለሁ» ይላል፤ አይደውልም። አንዱ ወጣት ስልኩ ላይ የጨረር መለኪያ ጭኖ መጣና ክፍል ለክፍል እያዞረ «ይኸው ጨመረ፣ ይኸው ጨመረ» አለኝ። ሌላ ጊዜ ባልና ሚስት መጥተው ሚስትየው ታወሩን አይታ ሆዷን ይዛ ደረጃውን ስትወርድ፣ ባልየው ወደ ኋላ ቀረት ብሎ «ኢንተርኔቱ ግን ፈጣን ነው አይደል?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። ጨረሩ ይጉዳ አይጉዳ የማውቀው ነገር የለም። የማውቀው መስኮቱ ጋ ዝም የሚሉትን ሰዎች ነው።

አለቃዬ እዚሁ ዊልስደን ተወልዶ ያደገ፣ ከቤት ኪራይ ሌላ ሥራ የማያውቅ ሰው ነው። ሕጉ አጭር ናት፤ «ካልተጠየቅክ አትናገር፣ ከተጠየቅክ አትዋሽ» ይላል። የሚጎዳው የመጀመሪያው ዓመት ነው ይላል፤ ከዚያ በኋላ ሰው ታወሩን እንደ ዛፍ ይለምደዋል። አከራዩን ትንሽ ዝቅ ያድርጉ ብሎ ቢለምናቸው አሻፈረኝ አሉ። ወር ገባ፣ ወር ወጣ፣ ቤቱ ባዶ፤ ሰውየው ግን የድሮውን ዋጋ እያሰቡ ላም አለኝ በሰማይ ይላሉ። ሦስተኛው ወር ተጋመሰ።

እኔ በበኩሌ ቤቱ ተከራየ አልተከራየ ግድ አልነበረኝም። ለብዙ ነገር ግድ ካጣሁ ቆይቻለሁ። ምክንያቱን እዚህ ላይ ብናገረው ይሻላል፤ ያለዚያ ኋላ ያደረግሁት ነገር አይገባም። አባቴ አገር ቤት ሲሞት ለእኔ የተነገረኝ ከስምንት ወር በኋላ ነው። «ብቻውን ነው፣ በሰው አገር ማን ይይዘዋል» ብለው ደበቁኝ። በነዚያ ስምንት ወራት በየሳምንቱ እደውል ነበር። «ተኝቷል» ይሉኛል፤ «ቤተ ክርስቲያን ሄዷል» ይሉኛል። ሹራብ ገዝቼ በሰው ላክሁለት። እህቴን «ልኩ ሆነለት?» ስላት «እንደ ተለካ!» አለችኝ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ሃክኒ የሚባል ሰፈር፣ ጓደኛዬ ቤት ጠሩኝ፤ ሰዎች ተሰብስበው አገኘሁ፣ ነገሩኝ፣ ያዙኝ። ግን ለመያዝ የሚያበቃ ነገር አላደረግሁም። የስምንት ወር ሬሳ ነው፤ ሁሉም አልቅሰው ጨርሰው፣ እንባቸውን አድርቀው፣ እኔን ሊያዩ ቁጭ ብለዋል። ያን ቀን ውስጤ የሆነ ነገር ዝም አለ፤ እስካሁንም ዝም እንዳለ ነው። አልከፋም፣ አልደሰትም። ቁልፍ ይዤ እሄዳለሁ፣ በር እከፍታለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያናችን እድር ሰብሳቢ ደወሉልኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ለሠርግም ለለቅሶም ከፊት የሚቀመጡ። «አንዲት እናት ቤት ቸግሯቸዋል» አሉኝ። ኤሌፋንት ኤንድ ካስል በሚባል ሰፈር፣ ሊፈርስ የተቃረበ ሕንፃ ሥር፣ ከመሬት በታች ባለች አንድ ክፍል ነው የሚኖሩት፤ በቅርቡ መልቀቃቸው አይቀርም። ሆስፒታል ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። በቤተ ክርስቲያን በዓይን አውቃቸዋለሁ፤ ግራ በኩል፣ ከኋላ፣ ምሰሶውን ተደግፈው የሚቆሙ ቀጭን ሴት ናቸው። አንድ ልጅ እንዳላቸው፣ እሱም አገር ቤት እንደሆነ ሰምቻለሁ። ሁለት ቤት አሳየኋቸው፤ «አይሆንም» አሉ፣ ምክንያቱን አልነገሩኝም። ታወሩ ፊት ያለው ሦስተኛው ነበር።

ደረጃውን እያረፉ ወጡ። በሩን ስከፍት ወለሉንም፣ ምድጃውንም አላዩም። ቀጥ ብለው መስኮቱ ጋ ሄዱ። እዚህም ዝምታው ሊመጣ ነው ብዬ ቁም ሳጥኑን ልከፍትላቸው ተዘጋጀሁ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ሳሎኑ ነው እማማ።»

«ሳሎን መሆኑንማ አጣሁት እንዴ? ይኼን፣ ማዶ የቆመውን ነው የምልህ።»

ተጠየቅሁ፤ መዋሸት የለም። «የስልክ ታወር ነው» አልኳቸው።

«ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«ተመስገን!» ብለው አማተቡ። ያን ታወር አይቶ ያማተበ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ፈርቶ ሳይሆን አመስግኖ ያማተበ ማለቴ ነው።

ከዚያ ባዶው ሳሎን ውስጥ ቆመው ነገሩኝ። ልጃቸው አስተማሪ ነው። በየእሁዱ፣ እሳቸው ከቅዳሴ ሲመለሱ ጠብቆ ይደውል ነበር። በግጭቱ ምክንያት እሱ ያለበት አካባቢ ስልክ ከተቋረጠ ግማሽ ዓመት አልፏል። «ግን አንዳንዱ ሰው ኮረብታ ላይ እየወጣ ከሩቅ የሚመጣ ኔትዎርክ ይይዛል አሉ» አሉኝ። «አንድ ደቂቃ ቢያገኝ ነው፣ ቢበዛ ሁለት። እኔ ደግሞ የምኖረው መሬት ውስጥ! ስልኬ የሚሠራው ደጅ ስወጣ ነው። ያችን አንድ ደቂቃ ይዞ ቢደውልልኝስ? ስንት ጊዜ ደውሎ ይሆን? ያን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ እኔ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ይቆረጥ?»

«እማማ፣ ታወሩ እኮ የእርስዎ ስልክ ኩባንያ ላይሆን ይችላል» አልኩ።

«ታወር ታወር ነው አንተ ልጅ» አሉና ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። ኔትዎርኩ ሙሉ ነበር። በዚያ ሰፈር የማንም ስልክ፣ በየትኛውም መስኮት፣ ሙሉ ነው። ይህን አልነገርኳቸውም። ያየሁት ከመሬት በታች የሚኖሩ ሴት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆመው ስልካቸውን በሁለት እጃቸው እንደ ሻማ ሲይዙ ነው።

ዋጋውን ነገርኳቸው፤ «እሺ» አሉ። እኔ ግን የሆነ ነገር ከነከነኝና «ትንሽ ላስቀንስልዎት እችላለሁ፤ ታወሩን እያዩ ብዙ ሰዎች ትተውት ሄደዋል» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «ለሚጠቅመኝ ነገር ነው የምትቀንሱልኝ? ወይስ ሊነቅሉት ነው?»

«ኧረ አይነቀልም።»

«እንግዲያው ቅናሽ አልፈልግም። የተቀነሰ ነገር ጣጣ አያጣውም።»

ቢሮ ተመልሼ ስናገር አለቃዬ እስኪያስለው ሳቀ። አከራዩም ደስታቸው ወሰን አጣ፤ «አላልኳችሁም?» ብለው ደወሉ፤ ከእንግዲህ ማስታወቂያው ላይ ኔትዎርኩ ድንቅ ነው ብላችሁ ጻፉ አሉን። የሦስት ወር ጣጣ በአንድ ከሰዓት ተፈታ። የቀረው ወረቀት ነው፤ እማማ ጡረተኛ ስለሆኑ ዋስ ያስፈልጋቸዋል። ለእድሩ ሰብሳቢ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ቤቱን ወደውታል። ዋስ ይሆኗቸዋል?»

«እሆናለሁ» አሉ። ከዚያ «ሳሎኑ ስንት ሰው ይይዛል?» አሉኝ።

ጥያቄው ገረመኝ። «ምነው ጋሼ? ብቻቸውን እኮ ነው የሚኖሩት።»

«ልጃቸው አርፏል።»

በቢሮው መስኮት በኩል አንድ አውቶቡስ ቆሞ ሰው ሲያወርድ ትዝ ይለኛል። ሰብሳቢው ቀጠሉ። ልጁ ስኳር ነበረበት፤ መንገድ ተዘጋ፣ መድኃኒት ጠፋ። ከዚያ አካባቢ በእግሩ ወጥቶ አዲስ አበባ የደረሰ ሰው ነው ደውሎ የነገራቸው። ከሞተ ሁለት ወር አልፎታል። «ገና አልተረዱም» አሉኝ።

«ታዲያ ፊርማቸውን ከማኖራቸው በፊት ብትነግሯቸውስ?»

«የት ሆነው? ያቺ ጉድጓድ ሦስት ሰው አትይዝም። ለቀስተኛ የት ይቀመጣል? ሕንፃውስ ውስጥ ሰው ቀርቷል? ቤት ይግቡ፣ ሰውነታቸው ይረፍ፤ ከዚያ ሄደን እናረዳቸዋለን። አሁን ሆድ ይፍጀው። ስንት ሰው ይይዛል?»

«ወንበር ካመጣችሁ ሃያ» አልኳቸው። ማንም ተከራይ ቢጠይቀኝ የምመልሰውን ነው የመለስኩት። ስልኩን ዘግቼ የዋሱን ቅጽ መሙላት ቀጠልኩ። ሰውየው ያሉት ስህተት አልነበረም፤ እኔም ብሆን የተሻለ ሐሳብ አልነበረኝም። ሴትየዋ ቤቱን የሚከራዩት ልጃቸው እንዲደውልበት ነው፤ እኛ የምናከራያቸው እንዲለቀስበት ነው። ይህን አስቤው ነበር፣ በደንብ አስቤዋለሁ፤ ግን ምንም አልተሰማኝም።

ኮንትራቱን ለመፈረም ሲመጡ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ተቀመጡ። ኮንትራቱ የአንድ ዓመት ነበር። እኔ በግማሽ ዓመት መልቀቅ የሚፈቅድ አንቀጽ እንዲገባበት አለቃዬን ጠይቄ ነበር፤ «ትልቅ ሰው ናቸው» አልኩት፣ እሺ አለ። እማማ እዚያች መስመር ላይ ሲደርሱ አንብብልኝ አሉኝ፤ አነበብኩላቸው።

«ለምን ብዬ ነው የምለቀው?»

«ምናልባት ካስፈለገዎት ብለን ነው።»

«እኔ እንኳ አያስፈልገኝም። እዚያ ስልኩ ቢለቀቅም እዚሁ ነኝ፤ የለመደ ቁጥርና የለመደ ቦታ አይቀየርም» አሉና ፈረሙ። የት የት እንደሚፈርሙ በጣቴ አሳየኋቸው። አምስት ቦታ ነው።

ሰኞ ገቡ። ሰብሳቢው ማክሰኞ ደወሉና «ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት» አሉኝ። የሕንፃውን የውጭ በር እንድከፍትላቸው ፈለጉ፤ ከታች ደወል ከተደወለ ይደነግጣሉ፣ ደጃፋቸው ድረስ ሳይሰሙ መውጣት አለብን አሉ። መጠባበቂያው ቁልፍ ቢሮ አለ። ተከራይ ሳያውቅ በር መክፈት በእኛ ሥራ ነውር ነው፣ ከሥራም ያስባርራል። «እሺ ጋሼ» አልኩ።

ሐሙስ ከሰዓት የመብራት ቆጣሪውን ለማንበብ ሄድኩ። ይህ እውነተኛ ሥራ ነው፤ ሰበብ አልነበረም። ሳሎኑ ውስጥ አንድ ሶፋ፣ አንድ ትንሽ ጠረጴዛና የማርያም ሥዕል ገብቷል። የወጥ ቤቱን ወንበር መስኮቱ ሥር አድርገውታል፤ ስልኩ ቻርጅ እየተደረገ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል። ከገቡ ጀምሮ ከቤት አልወጡም፤ ዳቦ እንኳ ጎረቤት ነው የገዛላቸው። ቆጣሪውን አነበብኩና ልወጣ ስል አንድ ነገር ለመኑኝ።

«እስቲ ደጅ ውጣና ደውልልኝ። ከገባሁ ማንም አልደወለልኝም። በደንብ ይጮኽ እንደሁ ልየው።»

ኮሪደር ላይ ወጥቼ በሩን ገርበብ አድርጌ ደወልኩ። አንዴ እንኳ በወጉ ሳይጮኽ አነሱት።

«አቤት የኔ ጌታ!» አሉ። «አቤት፣ አቤት፣ አለሁ! እዚሁ ነኝ!»

እኔ መሆኔን ያውቃሉ። ራሳቸው ናቸው ደውል ያሉኝ። ሳቅ አሉና «ልማድ ነው ልጄ፤ አፌ ለምዶብኝ ነው» አሉኝ በስልኩ። ድምፃቸው ከስልኩም ከበሩም ይመጣ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሹራቡን አሰብኩ። እህቴ «እንደ ተለካ» ስትለኝ ድምፅዋ እንዴት የደስ ደስ እንደነበረው አሰብኩ። ከስንት ዓመት በኋላ ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም።

ተመልሼ ገባሁና «እማማ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው።

«ምነው? አይሰማም?»

«ይሰማል። ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ፤ መርዶ ብቻውን የሚያረዳ ሰው የለም፣ ከሰዓት በኋላም አይደረግም፤ ሁሉንም አውቃለሁ። ሥርዓቱን አንድ በአንድ እያወቅሁ ነው የጣስኩት።

«አይደውልም» አልኳቸው።

ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ፊታቸው ላይ ምንም ነገር አልሆነም። ደጅ የሆነ ሰው ቆሻሻ መጣያ ሲጎትት ይሰማል።

«መቼ?» አሉ።

ነገርኳቸው። በምን እንደሆነ፣ የት እንደተቀበረ፣ የማውቀውን ነገርኳቸው፤ ብዙ አልነበረም። ማን አጠገቡ እንደነበር ጠየቁኝ፤ አላውቅም አልኩ። ከዚያ ቀና አሉ።

«አንተ ቤቱን ስታሳየኝ ታውቅ ነበር?»

«ያን ቀን አላውቅም ነበር።»

«ስፈርምስ?»

«አውቅ ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የሚገባ መልስ እንደ ሰጠሁ ሁሉ። «ሌላ ማን ያውቃል?»

«ሁሉም።»

«ባለፈው እሁድ የሳሙኝ ሁሉ?»

«አዎ እማማ። ቅዳሜ ጠዋት ሊያረዱዎት ይመጣሉ። እኔ … እስከዚያ ድረስ ስልኩን ሲጠብቁ …» አልጨረስኩትም። ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር። አንድ ሰው ለእኔ ቢያደርገው ብዬ ስመኝ የኖርኩትን ነገር ነው ያደረግሁት፤ እሳቸው አሁን አልቅሰው፣ ጮኸው፣ እኔ ይዣቸው፣ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

እሳቸው ግን ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«በል ስማኝ» አሉ። «ለማንም አልነገርኩም በል። ቅዳሜ ይምጡ። እነዚያ ትልልቅ ሰዎች ማልደው ተነሥተው መጥተው፣ ሰምታለች ተብለው አፍረው አይመለሱም። አንተንም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቀና ብለህ እንድትቆም አይተዉህም። ወጣት ነህ። እኔ እንዳልሰማሁ እሆናለሁ።»

«እማማ፣ ሁለት ቀን እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።» ከዚያ ወለሉን አዩ። «እዚህ ቤት ድምፅ ታች ድረስ ይሰማል?»

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ጥያቄ ነው። ሕፃን ያላቸው ይጠይቃሉ፣ ሙዚቃ የሚወዱ ይጠይቃሉ። «ይሰማል» አልኳቸው።

«እሺ። አሁን ሂድ።»

ሄድኩ። ልቆይ ብዬ አልለመንኩም፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ሂድ ሲሉኝ ቀለለኝ። ዓርብ ሦስት ቤት አሳየሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰብሳቢው፣ ሁለት ካህናትና ስምንት የእድሩ ሰዎች በሁለት መኪና መጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ካፖርታቸው ሥር ደብቀዋል። የውጭውን በር ከፈትኩላቸው፤ ጫማቸው ድምፅ እንዳያሰማ በጣታቸው ደረጃውን ወጡ። ሰብሳቢው በሩን ቀስ ብለው አንኳኩ። እማማ ሲከፍቱ ልክ ከእንቅልፍ እንደተነሣ ሰው ነበሩ። አንድ በአንድ አዩን፣ እኔንም ከሌላው ሳይለዩ አዩኝ።

«ምነው? በደህና ነው በማለዳ?» አሉ። አባባሉ ልክ ነበር፤ ሰው እንደዚያ ነው የሚለው። ካህኑ ቃሉን ሳይጨርሱ እማማ ጮኹ።

ጩኸቱ ማስመሰል አልነበረበትም። እንደዚያ ያለ ድምፅ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ሴቶቹ ያዟቸው፣ ወገባቸውን፣ ክንዳቸውን፣ ሁለቱን እጃቸውን። ወደ ሳሎን አስገቧቸው፣ ሙሾው ተነሣ፣ ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔ ብቻ ደጃፉ ላይ፣ የወለቀ ጫማ መሃል ቆሜ ቀረሁ።

የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ወጣ። የሌሊት ልብሱን የለበሰ ወጣት ነው፤ ዳቦውን የገዛላቸው እሱ ነው። አስረዳሁት፤ ልጃቸው ሞቶ ነው፣ አሁን ገና ተነግሯቸው ነው አልኩት። በጣም አዘነ። ሊወርድ ሲል ዞር አለና «ኤጀንቱ አንተ ነህ አይደል?» አለኝ። «ጊዜው አይደለም፣ ይቅርታ። ግን ከሐሙስ ከሰዓት ጀምሮ የሴትየዋ ገላ መታጠቢያ ውሃ ሲፈስ ነው የዋለው፣ ሲፈስ ነው ያደረው። ትናንትም እንደዚያው። ቧንቧ ተበላሽቶ እንዳይሆን ፈራሁ።»

«አየዋለሁ» አልኩት።

ገብቼ አየሁት። ቧንቧው ደህና ነበር፤ አሁን ተዘግቷል። ግድግዳው ሁሉ አልቦታል። የወጥ ቤቱ ወንበር ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ ገንዳው አጠገብ፣ ከቧንቧው ትይዩ ተቀምጧል። ወንበሩ ላይ የተጣጠፈ ፎጣ አለ። ፎጣውን አነሣሁት፤ አንደኛው ጫፉ ተነክሶ ተነክሶ ክሩ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። አፈርኩ፤ ማፈር ብቻ ነው የማስታውሰው፣ ከእግር ጥፍሬ እስከ ራሴ ድረስ። ያን ሁሉ ዓመት ምንም የማይሰማው ሰውነቴ በአንድ ጊዜ ተቃጠለ።

ሰብሳቢው ዓይናቸውን እየጠረጉ መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ድረስ መጡ። ትከሻዬን ያዙኝ።

«አየህ» አሉኝ፤ «በሰው መሃል ሆነው ሰሙት። ብቻቸውን ቢሰሙት ኖሮ ምን ይውጣቸው ነበር?»

«እውነትዎን ነው ጋሼ» አልኳቸው።

ከሳሎን አንዲት ሴት «መቀመጫ አንሷል፣ ወንበር የለም?» ብላ ተጣራች። ፎጣውን የቆሸሸ ልብስ ማስቀመጫው ውስጥ ከተትኩና ወንበሩን ይዤ ገባሁ።